ረሃብ ሯጭ አይወልድም

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከኮተቤ ወደ መገናኛ በሚወርድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው በመስኮት የሚያያቸው ልጆች አሉ። በሦስትና በአራት ሆነው፣ ስስ ሹራብ ደርበው፣ ጆሯቸውን በቆብ ሸፍነው፣ የመኪናውን ጭስ እየሰነጠቁ የሚሮጡ ናቸው። ከፊሎቹ በየካ ጋራ በኩል ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከፊሎቹ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርገው ወደ እንጦጦ ያቀናሉ። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው በዚያ ሰንሰለት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ጉም ለብሶ ሳለ፣ ትንፋሻቸው እንደ ዕጣን ጭስ ሲትጎለጎል ይታያል። እኔም ብዙ ማለዳ አይቻቸዋለሁ።

ታዲያ በአንዱ ማለዳ ከጎኔ የተቀመጡ፣ ካፖርት የደረቡ አንድ ጎልማሳ በአገጫቸው ወደ ልጆቹ ጠቆሙና፣ «አየህ ወንድሜ፣ እነዚህ ቁርስ እንኳ የላቸውም። ነገ ግን ፈረንጁን ሁሉ አስከትለው ይገባሉ። እኛን ያስሮጠን ረሃብ ነው!» አሉኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈገግ አልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች ፈገግታ ንስሐ እንዲሆነኝ ነው።

«ያስሮጠን ረሃብ ነው» የምትለው አባባል የእኚያ ሰው ብቻ አይደለችም። ውድድር በመጣ ቁጥር በየቡና ቤቱ ትነሣለች። የውጭ አገር ጋዜጠኛም ሲመጣ ካሜራውን የሚያነጣጥረው በባዶ እግርና በሣር ጎጆ ላይ ነው። ይህን ስንሰማ ደግሞ ደስ ይለናል፤ ድህነታችን የሚያስጨንቅ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ምስጢራዊ ኃይል ያለው ሀብት መስሎ ይታየናልና። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፦ አባባሏ ውሸት ናት። ውሸት ብቻ ብትሆን ባልከፋ፤ ለሁላችንም የምትመች ውሸት መሆኗ ነው ክፋቷ። ረሃብ ሯጭ የሚያፈራ ከሆነ ሯጩን መመገብ የማንም ግዴታ አይሆንማ! እንዲያውም ያበላው ሰው ያበላሸው ይመስላል።

እስቲ በመጀመሪያ ታሪክን ለምስክርነት እንጥራ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም ዓለም ያየው ባዶ እግሩን ነበር። እኛም ይኸው ከስድሳ ዓመት በላይ የምናወራው ስለ እግሩ ነው። ስለ ሆዱ የጠየቀ ግን የለም። አበበ እግሩ ባዶ ይሁን እንጂ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደመወዝ የሚቆረጥለት፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ዓይን ሥር የሚውል፣ የጦር ሰፈር ሰው ነበር። ጦር ሰፈር ማለት ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ቁርስና ምሳ በሰዓቱ የሚደወልበት ቤት ማለት ነው።

የጀግኖቻችንን ስም ስንጠራ ምን ብለን እንደምንጀምር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ማሞ፣ ሻምበል ምሩፅ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ። ይህ ሁሉ ማዕረግ ከየት መጣ? ከክብር ዘበኛ፣ ከአየር ኃይል፣ ከፖሊስ፣ ከማረሚያ ቤት ነው የመጣው። እርግጥ ነው፣ ማዕረጉ ከድል በኋላ እያደገ ሄዷል። ደመወዝ የሚከፍለውና ጥላ የሚሆነው ቤት ግን ከድል በፊት ነበረ። በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ማራቶኑን ያሸነፈው፣ በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 አምስት ሺውንና አሥር ሺውን የጠቀለለው፣ በባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1992 ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች ሁሉ ቀድማ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀችው፣ «ነገ ምን እበላለሁ?» ከሚል ጥያቄ ቢያንስ በከፊል የተገላገሉ ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን ታሪካቸውን ስንተርክ ተራራውን እናነሳለን፣ ወኔውን እናነሳለን፣ ቀለቡን እንዘለዋለን።

ሁለተኛው ምስክር ጂኦግራፊ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴም የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። ይህ አገር ምን ያበቅላል? ገብስና ስንዴ። ምን ይታለብበታል? ወተት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ተቋቁሞ የተሻሻለ ስንዴና የወተት ላም ለገበሬው ያዳረሰው በዚሁ አውራጃ ነው። አርሲ ውስጥ ድሃ የለም አልልም። ልጆቹ ብዙ ኪሎ ሜትር እየሮጡ መማራቸውም እውነት ነው። ነገር ግን ሮጠው የሚመለሱበት አገር የገንፎ፣ የጩኮና የአሬራ አገር መሆኑ ለምን ይዘነጋል? ረሃብ ሯጭ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያረገፋቸው አውራጃዎች የኦሎምፒክ ሜዳሊያ መጋዘን በሆኑ ነበር። ረሃብ ከዚያ ያተረፈልን መቃብር ነው።

ሦስተኛውን ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እንጦጦ ራሱ ይመስክር። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሯጩ ሽቅብ ሲወጣ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችና ልጃገረዶች በዚያ ጋራ ነበሩ። የራሳቸውን ክብደት የሚተካከል የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ በየቀኑ ያንን ዳገት ወጥተው ይወርዱ ነበር። የአዲስ አበባ ምጣድ ሲሰማ የኖረው በእነርሱ ጀርባ ነው። ከፍታ ከተባለ ከፍታው ነበራቸው። የዕለት ልምምድ ከተባለ ከማንም ሯጭ ያላነሰ ልምምድ ነበራቸው። ድህነቱማ ተርፏቸው ነበር። ታዲያ ወርቁ የታለ? ከፍታና ድካም እህል ሳይጨመርበት የሚሰጠው ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ፣ እነዚያ ሴቶች በአርባ ዓመታቸው ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይጠይቅ።

ከእንግዲህ ወደ አራተኛው ምስክር፣ ወደ ሥጋችን እንምጣ።

ሰው ሲሮጥ ጡንቻው የሚነድደው በዋናነት በሁለት ነዳጅ ነው፤ በስብና በስኳር። ስቡ በቀጭኑም ሰው ገላ ለብዙ ቀን የሚበቃ ክምችት አለው። ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ፍጥነት ሲጨመር ሰውነት የሚጠይቀው ስኳርን ነው። ይህም በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይጠራቀማል፤ መጠኑም ውስን ነው። ያ ጎተራ ሲራቆት ሯጩ፣ ወኔው የቱንም ያህል ቢሆን፣ እግሩ እርሳስ ይሆንበታል። ጎተራውን የሚሞላው ደግሞ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ገንፎው፣ ድንቹና በሶው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የስካንዲኔቪያ ተመራማሪዎች ይህን በጥሩ ፈተና አሳይተዋል። ያንኑ ሰው ለጥቂት ቀናት አንድ ጊዜ ስብና ፕሮቲን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ድብልቅ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ አበሉና እስኪዝል ድረስ ብስክሌት አስጋለቡት። በመጀመሪያው ምግብ በአማካይ 57 ደቂቃ ያህል፣ በሁለተኛው 114 ደቂቃ፣ በሦስተኛው 167 ደቂቃ ቆዩ። ሳንባቸው ያው ነው፤ ልባቸው ያው ነው፤ ወኔያቸውም ያው ነው። የተለወጠው ሰሃናቸው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሒሳብ ይዘን ወደ ኮተቤ እንመለስ። በጎረቤታችን ግቢ አንዲት ክፍል ቤት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖር የነበረች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ስሟ ይቆየን። የመጣችው ከገጠር ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላትም። ክብደቷ ሃምሳ ኪሎ ቢሆን ነው። ሰው ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። እንግዲህ ይህች ልጅ ጠዋት 20 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ አንድ ሺህ ኪሎ ካሎሪ ያህል ታወጣለች ማለት ነው። ከሩጫ ስትመለስ የምትቀምሰው ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይና አንድ ዳቦ ነው። ይህ ሁለቱ ተደምሮ ሦስት መቶ ኪሎ ካሎሪ ያህል ቢሆን ነው። ምሳቸው አራት ሆነው የሚቀርቡት አንድ ትሪ ሽሮ ነው። ራት አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ከክለብ የምታገኘው ትንሽ ገንዘብ ግማሹ ለቤት ኪራይ፣ ግማሹ አገር ቤት ላሉት እናቷ ይሄዳል። አንድ ቀን፣ «ቁርስሽን ለምን አታጠነክሪም የኔ ልጅ?» ብላት፣ «ሻይ እኮ ረሃብ ይዘጋል ጋሼ፤ ደግሞ አሠልጣኛችን ቀለል ያለ ሰው ነው የሚሮጠው ይሉናል» አለችኝ።

«ቀለል ያለ ሰው ነው የሚሮጠው!» ይህችም የዚያችው አባባል እኅት ናት። ምርጦቹ ሯጮቻችን በእርግጥ ምን ይበላሉ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የታወቁ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሰባት ቀን ተከታትሎ የሚበሉትን መዝኗል። ሰዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ነገር ግን በቀን ከ3,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይበላሉ፤ የሚያስገቡት ከሚያወጡት ጋር የተቀራረበ ነው። ከዚህ ኃይል 64 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከካርቦሃይድሬት ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን ከዘጠኝ ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይመገባሉ ማለት ነው፤ ፕሮቲናቸውም አላነሰም። እንግዲህ ሻምፒዮኑ ቀጭን የሆነው ስለማይበላ አይደለም፤ የበላውን ስለሚያነድደው ነው። ያችን ልጅ ያቀጠናት ግን የሚነድ ነገር መጥፋቱ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ስህተታችንም ከዚህ ይጀምራል።

«ግን እኮ ተራራው አለ» የሚል ይኖራል። ደግ፤ ስለ ተራራው እንነጋገር። ሰው ከፍ ባለ ቦታ ሲኖርና ሲሠለጥን አየሩ ስስ ስለሆነ ኩላሊቱ ለመቅኔው መልእክት ይልካል፤ መቅኔውም ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ለማምረት ይነሣል። ምርቱ ግን ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፤ ጥሬ ዕቃውም የብረት ንጥረ ነገር ነው። ብረት ያነሰው ሯጭ ተራራ ላይ ቢከርም መቅኔው ባዶ እጁን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት የአገራችን ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው ታውቋል። ከእነዚህ መካከል እንጦጦን ሽቅብ የምትሮጥ አትኖርም ብሎ የሚምል ማን ነው? ተራራው ለባዶ ሆድ የሚሰጠው ድካም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ መመኪያችን ይመጣል፤ ጤፍ። «ጤፍ ብረት ስላለው ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ይባላል። ጤፍ ክቡር እህል ነው። ፕሮቲኑ ከብዙ እህሎች አያንስም፤ ካልሲየምም አለው። ነገር ግን በጤፍ ላይ ይለካ የነበረው እጅግ የበዛ ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከበሬ ኮቴ ሥር የተቀላቀለው አፈር መሆኑን ተመራማሪዎች ከደረሱበት ቆይተዋል። የአፈር ብረት ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይወጣል እንጂ ደም ለመሆን እምብዛም አይበጅም። በእህሉ ውስጥ ያለውም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ነገር አንቆ ይይዘዋል። እናቶቻችን በእርሾ ማቡካታቸው ይህን ማነቆ ያላላዋል፤ ይህም ትልቅ ጥበብ ነው። ታዲያ ያንን ጥበብ ምን ያበላሸዋል? ሻይ! ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት መመጠጥ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። ቡናም አይሻልም። ያች ልጅ «ረሃብ ይዘጋል» ያለችው ሻይ የዘጋው የብረቱን መግቢያ በር ነው። መፍትሔው ሻይ መከልከል አይደለም፤ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት አርቆ መጠጣት፣ በምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከሽሮው ጎን ቃሪያና ቲማቲም ማድረግ፣ ሲገኝም ትንሽ ሥጋ ጣል ማድረግ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ የሚነግር ሰው ግን ያስፈልጋል።

የልጅቱን ነገር ልጨርስ። ቅልጥሟን ያማት ጀመር። አከራይዋ እትዬ ቅቤ እያሹ አሰነበቷት፤ አልተወም። በኋላ ባለቤቴ ለብቻዋ አድርጋ ስለ ወር አበባዋ ብትጠይቃት፣ «ከተወኝ ስምንት ወሩ ነው፤ ግልግል ነው!» ብላ ሳቀች። ግልግል አልነበረም። የስፖርት ሐኪሞች ይህን ነገር ያውቁታል። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የሰበሰባቸው ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 በስፖርት ውስጥ የሚከሰት የኃይል እጥረት ብለው ስም ሰጥተው ሰፊ ማብራሪያ አውጥተውበታል። ሰውነት የሚገባለት ከሚወጣበት ሲያንስ፣ እንደ አስተዋይ የቤት እመቤት ወጪ መቁረጥ ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚቆርጠው ለዛሬ ሕይወት የማያስፈልገውን ነው፤ የወር አበባን ያቆማል፣ የአጥንትን እድሳት ያዘገያል፣ በሽታ የሚከላከለውን ኃይል ያዳክማል። የወር አበባ ሲቆም አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን አብሮ ይወርዳል፤ አጥንቱም በየቀኑ እየተመታ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም፤ ምልክቱ ስለሚደበቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅቱ «ግልግል» ያለችው የአጥንቷን የድረሱልኝ ጩኸት ነው።

ባለፈው ክረምት ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ማንም ሯጭ አላሸነፋትም። ከሚያሸንፏት ሰዎች ፊት ሳትቆም ዳቦና ሻይ አሸነፏት። በአልጋዋም በሳምንቱ ሌላ ልጅ መጣበት። ስለተመለሱት የሚጽፍ ጋዜጣ የለም። እኛ የምናየው የደረሰውን አንድ ሰው ነው፤ እሱን አይተን «ረሃብ አስሮጠው» እንላለን። ከመንገድ የቀሩትን ብንቆጥር ኖሮ ረሃብ ስንቱን እንዳስቀመጠ በገባን ነበር።

በዚህ ላይ ጾምን የሚያነሱ አሉ። አንዳንዱ ስፖርተኛ ደከመ ሲባል ጾሙን ይከሳል። እኔ በዚህ አልስማማም። በጾም ጊዜ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሱፉ፣ ተልባው፣ ቆሎው አለ። እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲቀርቡ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል፤ እንጀራ በሽሮን የፈጠሩ ሴቶች ይህን ያወቁት ላቦራቶሪ ሳይኖር ነው። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ውጤት ስለሆነ በፍስኩ ወቅት እንቁላልና ወተት ሊታሰብበት ይገባል፤ የሚጾም ሯጭም፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ከባዱን ልምምድ ከሚበላበት ሰዓት ጋር ቢያቀራርበው መልካም ነው። ከዚህ የተረፈው የእምነቱ ጉዳይ ነው። ጾም ሌላ፣ ማጣት ሌላ። ጾም ፍስክ አለው፤ ማጣት ግን ፍስክ የለውም።

ይልቅስ ሊያስፈራን የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በሰሃኑ ላይ ያላገኘውን ኃይል ሰው በመርፌና በእንክብል ይፈልጋል። «ቫይታሚን ነው፣ ብርታት ነው» እየተባለ በየጓዳው የሚወጋ ልጅ የሚወጋው ምን እንደሆነ አያውቅም። የሕክምና ፈቃድ ሳይኖር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ፣ ፈሳሹ ራሱ ያልተከለከለ ቢሆን እንኳ፣ በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ የተከለከለ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል በአበረታች ቅመሞች ቁጥጥር አሳሳቢ ናቸው ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ያ ቀን የአበበ አገር አንገቷን የደፋችበት ቀን ነው። በሶ የነፈግነው ልጅ መርፌ ሲያነሳ ብንይዘው፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ብለን እጃችንን መታጠብ እንችላለን?

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ። ሥጋ በየቀኑ ይቅረብ፣ ከውጭ የመጣ ዱቄት በቆርቆሮ ይታደል ያለ ሰው የለም። ሰማንያ ግራም በሶ በውሃ በጥብጡ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ጨምሩበት። 400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ አብዛኛውም ያ ጎተራ የሚፈልገው ስኳር ነው። በዓለም ገበያ በውድ የሚሸጡት የሯጭ መጠጦች ሁለት ዓይነት ስኳር፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ ቀላቅለው ይመካሉ፤ ማር ሁለቱንም ከንብ ቀፎ ይዞ ይመጣል። ከዚህ ጋር አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ ጭብጥ የተቆላ ሽምብራ ሲጨመር የቁርስ ነገር አለቀ። የድሮ ዘማች በሶና ዳቦ ቆሎ ሳይሰንቅ ከቤቱ አይወጣም ነበር። እኛ ግን ልጆቻችንን በባንዲራ ሸፍነን ያለ ስንቅ እናዘምታለን።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። ሯጭ የያዘ ክለብ ሁሉ ከጫማና ከማሊያ በፊት፣ ከልምምድ በኋላ ባለው ሰዓት አንድ ትኩስ ምግብ በገበታ ያቅርብ። በጥሬ ገንዘብ የሚሰጠው ለቤት ኪራይና ለእናት ይሄዳል፤ ገበታ ላይ የቀረበው ግን ሆድ ይገባል። በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ የደምና የብረት ምርመራ ይደረግ፤ የሴቶቹን የወር አበባ የሚጠይቅ የሴት ባለሙያ ይኑር። አሠልጣኝ ሚዛን ይዞ «ቀንሺ» ከማለቱ በፊት «ምን በላሽ?» ብሎ ይጠይቅ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም በተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ለጎብኚው የሚሆኑ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ከዚያ ሰፊ ጋራ አንዲት ጥግ ለሯጮቹ በሶና እንቁላል በመነሻ ዋጋ የሚሸጥባት ብትሆን ጋራው አይጎድልበትም። የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው ምገባም የስፖርት ጉዳይ ጭምር መሆኑ ይታወቅ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገሪቱ ሕፃናት 37 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። ሯጭ የሚሠራው በሃያ ዓመቱ እንጦጦ ላይ ብቻ አይደለም፤ በእናቱ ማኅፀንና በሁለት ዓመቱ ገንፎ ላይ ነው።

ክለቡንና መንግሥትን ብቻ ከስሼ ማለፍም አይገባኝም። ያች ልጅ ለሁለት ዓመት ከአጥሬ ማዶ ኖራለች። ከቤቴ ቂንጬ ሲፈላ ሽታው ግቢዋ ይደርስ ነበር። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለው ለእኔ ነው። አከራይ፣ ጎረቤት፣ ባለ ሱቅ፣ የኮተቤና የካራ ሰው ሁሉ፣ በየግቢያችን ያደረውን ሯጭ በቴሌቪዥን ካየነው በኋላ «የሰፈራችን ልጅ» ከማለታችን በፊት አንድ ጭልፋ ልንጨምርለት እንችላለን።

በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡትን ጎልማሳ ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው የምላቸው ይህን ነው፦ ጌታዬ፣ እኛን ያስሮጠን ረሃብ አይደለም። ያስሮጠን እህል ነው፤ ወይ የአርሲ ወተትና ገብስ፣ ወይ የጦር ሰፈሩ ገበታ። ያሸነፍነውም ረሃብ ስላለ ሳይሆን ረሃብ እያለ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። እነዚያ ልጆች ነገም በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ሳይፈታ በፊት፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሆዳቸውን አስረን እንስደዳቸው።